ናኦሺማን በአንድ ቀን፦ ከሆንሙራ መንደር እስከ ቺቹ ሙዚየም

ጃፓን የሚሄድ ሰው ስለ ናኦሺማ የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በአንድ ቀን ይዳረሳል?» ይዳረሳል። ብዙዎች ቀኑን የሚያበላሹት «ምን ምን እንይ?» ብለው ስለሚጀምሩ ነው። መጀመር ያለበት ከሳምንቱ ቀን፣ ከቺቹ ሙዚየም የመግቢያ ሰዓትና ከመመለሻው መርከብ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተያዙ የቀረው መንገድ ላይ ይስተካከላል።

ናኦሺማ በሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ ያለች፣ በጥበብ ሥራዎቿ የምትታወቅ፣ ዙሪያዋ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ 3,000 ገደማ ናቸው። በምዕራብ በኩል ትልቁ ወደብ ሚያኖውራ፣ በምሥራቅ ደግሞ አንዳንድ ቤቶቹ የጥበብ ሥራ የሆኑበት የድሮው መንደር ሆንሙራ አለ። ቺቹን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ የጥበብ ሙዚየሞች በደቡብ ኮረብታዎች ላይ ናቸው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። እዚህ የተጻፈው ሰዓት ትኬትና የመርከብ ሰሌዳ ላይ እንደሚታየው እስከ 24 የሚቆጠረው ነው። 10፡00 በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 16፡30 ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ ጥቅምት 10 እና ኦክቶበር 10 አሥር ቀን ያህል ይራራቃሉ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያቅድ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከቆጠረ ትኬቱ ባክኖ ይቀራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቺቹ ትኬት፣ ስልክ ላይ የተቀመጠ። የኪው አር ኮዱን ፎቶ ያንሱት፤ ደሴቷ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ፎቶው ይከፈታል።
- ጥሬ ገንዘብ፣ ለአንድ ሰው 10,000 የን ያህል። ከዚህ ውስጥ አሥር ያህሉ ባለ 100 የን ሳንቲም ይሁን። ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ባለ 10,000 የን ኖት ይዞ ዝርዝር መጠየቅ ሰልፉን በሙሉ ያቆማል።
- በአንድ እጅ የሚወልቅ ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ። በቀን ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ጫማ ያወልቃሉ። ባለ ረጅም ማሰሪያ ቦቲ እዚህ ቅጣት ነው።
- ደረት ላይ ማዞር የሚቻል ትንሽ የጀርባ ቦርሳ።
- ማስታወሻ የሚይዙ ከሆነ እርሳስ። ቀለም ሥራዎቹ ላይ ሊነካ ስለሚችል ሙዚየም ውስጥ እስክሪብቶ አይወደድም።
- ውሃ፣ ቀላል ምግብ፣ ለቆሻሻ የሚሆን ፌስታል። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አይጠብቁ።
- የዝናብ ጃኬት። ጃፓን ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ብስክሌት መንዳት የተከለከለ ነው።
- የዕለቱ የመርከብና የአውቶቡስ ሰሌዳ ፎቶ።

ጾም ከያዙ ምሳ ይዘው ይምጡ። ኡዶን የሚባለው የአካባቢው የፓስታ ሾርባ የአትክልት ቢመስልም መረቁ የሚወጣው ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው። ውስጡ ኡሜቦሺ የሚባል በጨው የተያዘ ፍሬ ያለበት የሩዝ እንክብል ከተማ ላይ ከማንኛውም ኪዮስክ ይገዛል፤ ከጠዋት እስከ ምሳም ይቆያል።

1. ቀኑን ይምረጡ

ሰኞን ይሰርዙ። ቺቹ፣ የሊ ኡፋን ሙዚየምና የሆንሙራ የጥበብ ቤቶች ሰኞ ዝግ ናቸው። ሰኞው ብሔራዊ በዓል ላይ ከዋለ ይከፈቱና በማግሥቱ ማክሰኞ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ «ማክሰኞ ነው፣ ችግር የለም» ብሎ መሄድም ያስተዛዝባል። ከሰኞ ሌላ አማራጭ ከሌለዎት የቤኔሴ ሃውስ ሙዚየም ክፍት ነው፤ ከቤት ውጭ የቆሙትን ሥራዎችም ማየት ይችላሉ።

ከ2010 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የሴቶ ባሕር የጥበብ ትርኢት ይካሄዳል፤ የቅርቡ የ2025ቱ ነበር። በትርኢቱ ወቅት ሰልፉ ስለሚበዛ የአንድ ቀን ጉዞ አይመከርም። ነሐሴና መስከረም ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ማዕበል ከተነሣ መርከብ ይቆማል። በዚያ ወቅት የሚሄዱ ከሆነ በማግሥቱ ወደ አገር ቤት የሚመልስ በረራ አይያዙ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄዱ ሰዎች ለቪዛ የቀን በቀን የጉዞ ዕቅድ ስለሚጠየቁ ይህን ቀን እዚያው ላይ ያስፍሩት። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም።

2. የቺቹን ትኬት ይቁረጡ

ከሆቴልም ከባቡርም በፊት ይህ ይቅደም። ቺቹ የሚገባው ሰዓት በተወሰነለት ትኬት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። የተወሰነው የመግቢያው ሰዓት እንጂ የቆይታው አይደለም፤ ከገቡ በኋላ ማንም አያጣድፍዎትም።

13፡30 ወይም 14፡00 ይምረጡ። ሙዚየሙ 10፡00 ላይ ሲከፈት መግባት ጥሩ ይመስላል፤ ግን ጠዋት ቺቹ ከገቡ ሆንሙራ የሚደርሱት ከሰዓት ነው። የመንደሩ ቤቶች 16፡30 ላይ ስለሚዘጉ ሰልፍ አንዱን ካስረዘመብዎ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቀራሉ። በተቃራኒው ከሄዱ ከመንደሩ አንድ ቤት ቢያመልጥዎ የቺቹ ሰዓት አይነካም።

ትኬቱ እንደማይቀየርና ገንዘቡ እንደማይመለስ አስበው ይግዙ። 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ ያም ቢሆን ሲመዘገቡ ይቁጠሯቸው።

የቺቹን ትኬት ቆርጠው እንደጨረሱ ከሆንሙራ የጥበብ ቤቶች አንዱ የሆነውን የሚናሚዴራን ሰዓት ይያዙ፤ እሱም ቡድን በቡድን በሰዓት ነው የሚያስገባው። 10፡00 ወይም 10፡30 ቢሆን ይመረጣል። ከሩቅ ካልተሳካልዎ መንደሩ እንደደረሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ይሁን።

3. የሚሻገሩበትን ወደብ ይወስኑ

ከቶኪዮ፣ ከኦሳካ ወይም ከሂሮሺማ ለሚመጣ ሰው መንገዱ በኦካያማ ነው። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ከቶኪዮ ኦካያማ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል፣ ከሺን ኦሳካ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከኦካያማ በአካባቢው ባቡር ወደ ኡኖ ይወርዳሉ፤ እስከ አንድ ሰዓት ይያዙለት። የኡኖ ወደብ ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ነው። መርከቡ በ20 ደቂቃ ሚያኖውራ ያደርሳል።

በስተደቡብ ባለችው በትልቋ ደሴት በሺኮኩ ያደረ ሰው ከታካማጹ ወደብ ይሳፈራል፤ መኪና የሚጭነው መርከብ 50 ደቂቃ፣ ፈጣኑ ጀልባ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ከኡኖ በቀጥታ ወደ ሆንሙራ የሚሄድ ትንሽ ጀልባም አለ። ሰው ብቻ ነው የሚጭነው፣ በቀን የሚመላለሰውም ጥቂት ጊዜ ነው። ሰዓቱ ከገጠመልዎ አውቶቡሱን ይቆጥብልዎታል።

*ጥንቃቄ፦* ከኦካያማ የሚነሡት ባቡሮች ብዙዎቹ በቀጥታ ኡኖ አይሄዱም፤ ቻያማቺ ላይ መቀየር ያስፈልጋል። ቻያማቺ ላይ ካልወረዱ ባቡሩ ወደ ኮጂማ ይቀጥልና የሴቶን ታላቅ ድልድይ ተሻግሮ ታካማጹ ይገባል። ድልድዩ ላይ ራስዎን ካገኙ ወደ ኋላ ለመመለስ አይሩጡ። ታካማጹ ድረስ ይቀጥሉ፤ ወደቡ ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ስለሆነ ከዚያው ይሳፈሩ።

4. ሻንጣውን ከደሴቷ ውጭ ይተዉት

ኦካያማ ወይም ታካማጹ ጣቢያ በሳንቲም የሚዘጋ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። ሚያኖውራም ሳጥን አለ፤ ግን ጥቂት ስለሆነ ጠዋት ቶሎ ይሞላል። የደሴቷ አውቶቡስ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ሻንጣ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፣ በሆንሙራ ጠባብ መንገድም አይጎተትም።

ከኡኖም ሆነ ከታካማጹ 8፡00 አካባቢ የሚነሣውን መርከብ ይያዙ። ቀጥሎ ያለውን የያዘ ሰው አንድ ሰዓት ብቻ የዘገየ ይመስለዋል፤ ግን ሲደርስ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዷል፣ ብስክሌቶቹም ተከራይተው አልቀዋል።

5. ከሚያኖውራ ቶሎ ይውጡ

መርከቡ ሲጠጋ ግራና ቀኝ የሚያዩት ነጭ፣ ጠፍጣፋና ስስ የወደቡ ጣሪያ የአርክቴክቶቹ የካዙዮ ሴጂማና የርዩኤ ኒሺዛዋ ሥራ ነው፤ በ2006 ተሠራ። 70 በ52 ሜትር የሚሆነውን ጣሪያ ቀጫጭን ዓምዶች ብቻ ተሸክመውታል። አጠገቡ ጃፓናዊቷ የጥበብ ሰው ያዮይ ኩሳማ የሠራችው ትልቅ ቀይ የዱባ ቅርጽ አለ፤ ውስጡ ይገባል። ሁለቱንም ሲመለሱ ይዩዋቸው። አሁን ከመርከብ የወረደው ሰው ሁሉ ዱባው ዘንድ ተሰልፏል፤ አውቶቡሱ ግን የሚጠብቀው እነሱን አይደለም።

አውቶቡስ ወይስ ብስክሌት? ለዚህ መንገድ አውቶቡስ ይሻላል፦ ሚያኖውራ፣ ሆንሙራ፣ ጹጹጂሶ (ወደ ቺቹ የሚወስደው ነፃ አውቶቡስ የሚነሣበት ፌርማታ) ብሎ በአንድ መስመር ያደርስዎታል። ብስክሌት ከመረጡ በባትሪ የሚታገዘውን ይከራዩ፤ በካርታ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚመስለው መንገድ መሀሉ ዳገት ነው፣ ወደ ቺቹ የሚወጣው ደግሞ ይብሳል። ከጹጹጂሶ ወደ ቤኔሴ ሃውስ በሚወስደው መንገድ ብስክሌትም የግል መኪናም አይገባም፤ ብስክሌቱን እዚያ አቁመው በነፃው አውቶቡስ ይቀጥላሉ።

6. ሆንሙራን በእግር

ከ10፡00 እስከ 12፡45 ያለውን ሰዓት ለመንደሩ ይስጡ። በ1998 በካዶያ የተጀመረው ሥራ ሰው የለቀቃቸውን ቤቶች እየወሰደ እያንዳንዱን ለአንድ የጥበብ ሰው ይሰጣል። ዛሬ ሰባት ናቸው፤ ስድስቱ በአንድ የጋራ ትኬት ይታያሉ። ኪንዛ ብቻ የራሱ ትኬትና ቀጠሮ አለው።

ቤቶቹ በሰው ሰፈር ውስጥ ተበታትነዋል፤ በመካከላቸው ሰው ይኖራል፣ ልብስ ያሰጣል፣ ይተኛል። በር ላይ የተሰቀለ ቀለም ያለው መጋረጃ «ግቡ» ማለት አይደለም። ትኬት የሚቆርጥ ሰው በር ላይ ከሌለ ቤቱ የሰው ቤት ነው።

ጥቁር የሆኑት ግድግዳዎች የተቀቡ ሳይሆኑ ሆን ተብሎ የተቃጠሉ ሳንቃዎች ናቸው። ሱጊ የተባለው የጥድ ዘመድ የሆነ እንጨት ፊቱ ሲከስል ምስጥና የባሕር እርጥበት ይቋቋማል። ተደግፈው ፎቶ አይነሡ፤ ጥላሸቱ ነጭ ልብስ ላይ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

*ሚናሚዴራ (30 ደቂቃ)።* ሕንፃው የአርክቴክቱ የታዳኦ አንዶ፣ ውስጡ በብርሃን የሚሠራው የጄምስ ተሬል ነው። ስልክዎን ዝም ማሰኘት አይበቃም፤ ያጥፉት። የሚያበራ የእጅ ሰዓትም ኪስ ይግባ። በቀኝ ወይም በግራ እጅዎ ግድግዳውን እየዳሰሱ በፍጹም ጨለማ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ምንም አይታይም፤ ዓይን ጨለማን ለመልመድ አሥር ደቂቃ ገደማ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው የስልኩን መብራት ለአፍታ ካበራ የሁሉም ዓይን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሌላውን አንነግርዎትም፤ ከተነገረ ይበላሻል። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ከያዙ ከመግባትዎ በፊት ለአስተናጋጇ ይንገሯት።

*የጎኦ መቅደስ (25 ደቂቃ)።* ኮረብታ ላይ ያለ፣ ሰው የሚጸልይበት የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ነው፤ የአሁኑ ሥራ የሂሮሺ ሱጊሞቶ ነው። መጀመሪያ ላዩን ይዩ፦ ከመቅደሱ ወደ መሬት የሚወርድ የመስታወት ደረጃ አለ። ከዚያ በጎን ባለው ጠባብ የአርማታ መተላለፊያ ወደ ታችኛው የድንጋይ ክፍል ይግቡ። እላይ ያዩት ደረጃ እዚያ ብርሃን እያወረደ ያገኙታል። ታች ቀድሞ የገባ ሰው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳይገባው ይወጣል። መተላለፊያው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ቦርሳውን ወደ ፊት ያዙሩት። ሲወጡ አንገትዎን ሳያዞሩ ፊት ለፊት ይመልከቱ፤ በመተላለፊያው አፍ ላይ ባሕሩ ይጠብቅዎታል።

*ካዶያ (15 ደቂቃ)።* ጫማ ይወልቃል። ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ 125 የዲጂታል ቁጥሮች ከ1 እስከ 9 ይቆጥራሉ፣ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎተታል። ፍጥነታቸውን የወሰኑት 125 የደሴቷ ነዋሪዎች ናቸው። ሥራው የታጹኦ ሚያጂማ ነው። ከብርሃን ሲገቡ ዳሩ አይታይምና ሁለት ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር መርጠው 9 እስኪደርስ ይከታተሉት።

*ጎካይሾ (10 ደቂቃ)።* ሰው በጣም የሚሸወድበት ቤት ይህ ነው። ሁለት ትንንሽ ክፍሎች፣ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ወለል ላይ የወዳደቁ የካሜሊያ አበቦች። አበቦቹ ዮሺሂሮ ሱዳ ከእንጨት የቀረጻቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ ያለው ካሜሊያ ግን እውነተኛ ነው። ሳያወዳድሩ አይሂዱ።

*ኢሺባሺ (20 ደቂቃ)።* የጨው ነጋዴ ቤተሰብ ቤት የነበረ ነው። የሂሮሺ ሴንጁ ትልቅ የፏፏቴ ሥዕል ከሩቅ ቁጭ ብለው የሚታይ ነው።

*ሃይሻ (15 ደቂቃ)።* ስሙ «የጥርስ ሐኪም» ማለት ነው፤ ክሊኒክም መኖሪያም ነበር። ሺንሮ ኦታኬ ከቆርቆሮና ከወዳደቀ ነገር እንደገና ሠራው። ውስጡ የነፃነት ሐውልት ቆማለች።

ኪንዛ ቀጠሮ ካገኙለት አንድ ሰው ብቻውን ለ15 ደቂቃ የሚገባበት የሬይ ናይቶ ሥራ ነው። ከሌሎቹ ሁለቱን ለእሱ ቢሠዉ አያስቆጭም። ሰዓት ከተረፈዎ የአንዶ ሙዚየም ቅርብ ነው፦ ከውጭ መቶ ዓመት ያህል የሆነው የእንጨት ቤት፣ ከውስጥ አርማታ።

ቤቶቹ ውስጥ ፎቶ አይነሣም። ምሳ ለመብላት 12፡00ን አይጠብቁ፤ የመንደሩ ምግብ ቤቶች ጥቂት ወንበር ነው ያላቸው፣ ያዘጋጁት ሲያልቅም ይዘጋሉ። 11፡30 ይግቡ ወይም የያዙትን ይብሉ።

7. ጹጹጂሶና ቢጫው ዱባ

12፡45 አካባቢ ከሆንሙራ ወደ ጹጹጂሶ የሚሄደውን አውቶቡስ ይያዙ። አውቶቡሱ ሞልቶ ካለፈዎ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚቀጥለውን ቆመው ከመጠበቅ ይሻላል።

ከፌርማታው ጥቂት ደቂቃ ወደ ባሕሩ ሲሄዱ የኩሳማ ቢጫ ዱባ አለ። መጀመሪያ የቆመው በ1994 ነበር፤ በ2021 አውሎ ነፋስ ባሕር ውስጥ ከተተው፣ በ2022 እንደገና ተሠርቶ ተተከለ። ማዕበል ሲጠበቅ ከቦታው ስለሚያነሡት በአውሎ ነፋስ ወቅት ባዶ ወሽመጥ ሊያገኙ ይችላሉ። እዚህ ፎቶ ይፈቀዳል፣ ዱባውን መግፋትም ሆነ መውጣት ግን የለም።

ለዚህ 15 ደቂቃ ብቻ ይስጡ። የፎቶ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከጎን ያንሱና ይሂዱ፤ የቺቹ ሰዓት ለዱባ አይጠብቅም።

8. ቺቹ

ነፃው አውቶቡስ ከጹጹጂሶ ተነሥቶ በቤኔሴ ሃውስና በሊ ኡፋን በኩል ቺቹ ያደርሳል። ከሰዓትዎ 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ትኬት የሚታየው ሙዚየሙ በር ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ባለው የትኬት ቤት ነው፤ ከዚያ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሞኔን አትክልት ስፍራ አስመስለው በተከሉት የአበባና የኩሬ ዳር በእግር ይወጣሉ። በቀጥታ በሩ ላይ የሄደ ሰው ተመልሶ እንዲወርድ ይደረጋል።

አንዶ በ2004 የሠራው ሕንፃ የኮረብታውን መልክ እንዳያጠፋ አብዛኛው መሬት ውስጥ ተቀብሯል። መተላለፊያዎቹ ረጃጅምና ክፍት ናቸው፣ ምልክት የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ቢጠፋዎት ነጭ የለበሱትን አስተናጋጆች ይጠይቁ። ያሉት ሥራዎች የሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሞኔ ክፍል ውስጥ አምስት የውሃ አበባ ሥዕሎች አሉ። ጫማ ወልቆ በሚሰጥዎ ነጠላ ጫማ ይገባል፤ ወለሉ እያንዳንዳቸው 2 ሳንቲ ሜትር በሆኑ 700,000 ያህል የእብነ በረድ ኩቦች የተነጠፈ ነው። መብራት የለም፣ ከላይ የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ደመና ሲያልፍ ሥዕሎቹ ይደበዝዙና ይመለሳሉ፤ ይህን ለማየት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቁሙ። ገብቶ ወዲያው የወጣ ሰው የተቀባ ሸራ ብቻ አይቶ ይሄዳል።

በዋልተር ዴ ማሪያ ክፍል፣ ደረጃዎች መካከል ዲያሜትሩ 2.2 ሜትር የሆነ ጥቁር የድንጋይ ኳስ፣ በግድግዳዎቹ ላይ ደግሞ 27 ወርቅ የተለበጡ የእንጨት ቅርጾች አሉ። ድምፅ በጣም ያስተጋባል፤ ሹክሹክታም ይሰማል። እስከ ላይኛው ደረጃ ወጥተው ወደ ታች ይዩ፣ ኳሱ ላይ የጣሪያው ብርሃን ይታይዎታል።

የተሬል «ክፍት ሜዳ» ላይ አስተናጋጅ ይመራዎታል። ጠፍጣፋ የብርሃን ሰሌዳ የሚመስለው ውስጥ ይገባሉ። ቁሙ ሲባል ይቁሙ፤ ብርሃኑ ዳሩን ስለሚሰውር መጨረሻው ለዓይን አይታወቅም፣ የሚወድቁት እዚያ ነው።

ውስጥ ፎቶ የለም። ለቺቹ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ።

9. አንድ ነገር ይጨምሩ፣ ሁለት አይጨምሩ

15፡30 አካባቢ ከወጡ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። የሊ ኡፋን ሙዚየም ከቺቹ ቁልቁል በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰው የማይበዛበት፣ ድንጋይና ብረት ያለበት ጸጥ ያለ ቦታ። በግንቦት 2025 የተከፈተው የናኦሺማ አዲስ ሙዚየም ደግሞ ሆንሙራ አጠገብ ነው፤ የእስያ የዘመኑን ሰዓሊዎች ያሳያል። አዲሱን ከመረጡ ግን በደረጃ 6 ከመንደሩ ቤቶች ሦስቱን ትተው ጠዋት ይግቡበት፤ ከሰዓት ወደ ሆንሙራ መመለስ መርከብ ያስመልጣል።

10. መመለስ

ከመርከቡ 20 ደቂቃ ቀድመው ሚያኖውራ ይገኙ። ወደ ኡኖ የሚሻገሩት መርከቦች እስከ ምሽት ይቆያሉ፤ ወደ ታካማጹ የሚመለሰው ግን ቶሎ ያበቃል። ወደ ታካማጹ የሚመለሱ ከሆነ ቀኑን በሙሉ የሚመሩት በዚያ የመጨረሻ መርከብ ሰዓት ነው። ብስክሌት የተከራዩ ሰዎች የኪራይ ቤቱን የመዝጊያ ሰዓትም ጠዋት ይጠይቁ።

ወደ ኡኖ ሆኖ ሰዓት ከተረፈዎ አሁን ቀዩ ዱባ ሰልፍ የለውም። ከወደቡ ሁለት ደቂቃ ላይ ኦታኬ በ2009 የሠራው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለ፤ ጥበብ ሆኖ የሚሠራ መታጠቢያ ነው። ራቁት ነው የሚገባው፣ ወንድና ሴት ለየብቻ። ገንዳው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ቁጭ ብለው በሳሙና ታጥበው ይለቃለቁ፤ ውሃው የጋራ ስለሆነ ሳሙና ይዞ መግባት ነውር ነው። ፎጣ ከሌለዎ እዚያው ይሸጣል።

ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

- የጉግል ካርታን የእግር ሰዓት ማመን። መንገዱ ዳገት ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ ይጨምሩ።
- የቺቹ ትኬት ሌላውንም ያስገባል ብሎ ማሰብ። እያንዳንዱ ሙዚየም የራሱ ትኬት አለው።
- በተሳሳተ አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ መሳፈር። ሆንሙራ ላይ በሁለቱም በኩል ይቆማል፤ ሹፌሩን «ጹጹጂሶ?» ብለው ይጠይቁ።
- የመጨረሻውን መርከብ «በቃ ይደርሳል» ማለት። ካመለጠዎ የማደሪያ ዋጋ ይጠብቅዎታል፤ ያውም ቦታ ከተገኘ።